«በእጅ የተሠራ» ብርጭቆ፦ የነፊው እጅ የት ያበቃል፣ ፋብሪካው የት ይጀምራል?

በገበታ ዕቃ መሸጫዎችም ሆነ በኢንተርኔት ገበያ «በእጅ የተሠራ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ብርጭቆ በዝቷል። ስድስቱ በአንድ ካርቶን ታሽገው፣ ቁመታቸውም አፋቸውም እኩል ሆኖ ያያቸው ገዢ «ይሄማ የማሽን ነው» ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ሆዱ ውስጥ አረፋ የቋጠረ፣ ትንሽ የተንጋደደ ብርጭቆ ሲያጋጥመው ደግሞ ያለ ምንም ጥያቄ የእጅ ሥራ ነው ብሎ ይቀበላል። ሁለቱም ግምት ሊሳሳት ይችላል። እኩል የሆኑት ስድስቱ በሰው ትንፋሽ የተነፉ፣ አረፋ ያለበት ደግሞ ሆን ተብሎ አረፋ የተጨመረበት የማሽን ምርት ሊሆኑ ይችላሉ።

ጉዳዩን ወደ አደባባይ ያወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። በ2023 መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዩኔስኮ በቼክ ሪፐብሊክ፣ በፊንላንድ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በሃንጋሪና በስፔን ያለውን ብርጭቆን በእጅ የመሥራት ዕውቀትና ሙያ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። ከዲሴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ለዕደ ጥበብና ለኢንዱስትሪ ምርቶች የጂኦግራፊያዊ ምልክት ጥበቃ የሚሰጥበት ደንብ ሥራ ላይ ውሏል። ጂኦግራፊያዊ ምልክት ማለት ጥራቱ ወይም ዝናው ከተሠራበት አካባቢ ጋር የተቆራኘን ምርት ስም ሌላው እንዳይጠቀምበት የሚከለክል የሕግ መብት ነው። ለሻምፓኝ ወይንና ለፓርሚጃኖ አይብ የነበረው መብት አሁን በቬኒስ አጠገብ ባለችው በሙራኖ ደሴት እንደሚሠራው ብርጭቆ ላሉ የእጅ ሥራዎችም ተከፈተ ማለት ነው።

ሁለቱም እርምጃዎች ሙያው ስጋት ላይ ስለወደቀ የመጡ ናቸው። ሆኖም ገዢውን ግራ ያጋባውን ጥያቄ አይመልሱም። አንድ ብርጭቆ ነፊ ለራሱ ከሚሠራት አንድ ዕቃ ተነሥቶ በሺዎች የሚመረት የገበታ ዕቃ ሲነድፍ፣ ከእጁ ሥራ ምን ያህሉ ይተርፋል?

ትኩሱ ቤት ውስጥ የሚሆነው

የተለመደው የገበታ ብርጭቆ 70 በመቶ ገደማው ሲሊካ የሚባለው አሸዋ ነው። ሶዳ ይጨመርበታል፤ አሸዋው ቶሎ እንዲቀልጥ ያደርጋል። ኖራም ይገባበታል፤ የቀለጠው ሲደርቅ ውኃ እንዳያሟሟው ያጠነክረዋል። ድብልቁ ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቀልጦ ወደ 1,100 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ እንደ ማር ይወፍራል። ነፊው ባዶ የብረት ቧንቧውን እቶኑ ውስጥ ነክሮ፣ እያሽከረከረ የሚፈልገውን ያህል ጠቅልሎ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ማሽከርከሩን አያቆምም፤ ካቆመ ትኩሱ ብርጭቆ ወደ መሬት ይዘነበላል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ በሦስት ይከፈላል፤ የገዢው ግራ መጋባትም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

አንደኛው ነፃ ንፊያ ነው። ነፊው በትንፋሽ፣ በውኃ በራሰ የእንጨት ጭልፋ፣ በእርጥብ ጋዜጣና በትልቅ የብረት ወረንጦ ብቻ ቅርጽ ያወጣል። ዕቃው ቅርጹን ሲይዝ ታቹ ላይ ሌላ ዘንግ ይጣበቅበታል፤ ይህ ዘንግ ፖንቲል ይባላል። ከዚያ ከቧንቧው ተላቅቆ አፉ እንደገና ይሞቅና በመሣሪያ ይከፈታል። በዚህ መንገድ የተሠራ ብርጭቆ ከንፈሩ በእሳት ስለተጠናቀቀ ክብና ለስላሳ ነው። ታቹ መሐል ላይ ደግሞ ፖንቲሉ የተላቀቀበት ሻካራ ጠባሳ፣ ወይም ጠባሳው ተሞርዶ የጠፋበት ትንሽ ጎድጓዳ ይቀራል።

ሁለተኛው በሞልድ ውስጥ መንፋት ነው። ሞልድ የዕቃውን የውጭ ቅርጽ የሚሰጥ፣ ከብረት፣ ከግራፋይት ወይም ከእንጨት የሚሠራ ሁለት ወገን ማቀፊያ ነው። ነፊው ትኩሱን ሞልዱ ውስጥ አስገብቶ እያሽከረከረ ይነፋል። የሞልዱ ውስጠኛ ግድግዳ በካርቦን ተቀብቶ በውኃ ስለሚርስ በብርጭቆውና በግድግዳው መሐል የእንፋሎት ሽፋን ይፈጠራል። ብርጭቆው በእንፋሎቱ ላይ ስለሚሽከረከርም የሞልዱ ሁለት ወገኖች የሚጋጠሙበት መስመር ማለትም ስፌቱ አይታተምበትም። የላይኛው ትርፍ ከቀዘቀዘ በኋላ ተቆርጦ ይወድቃል፤ ከንፈሩ ይሞረድና በነበልባል ይለሰልሳል። ካርቶን ውስጥ እኩል ሆነው የተደረደሩት ስድስቱ ብርጭቆዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ የተሠሩ ናቸው። ትንፋሹ የሰው ነው፤ ልኩ የሞልዱ ነው።

ሦስተኛው መጭመቅ ነው። የቀለጠው ብርጭቆ ሞልድ ውስጥ ይጣልና ከላይ የሚወርድ የብረት መግፊያ ይጨምቀዋል። ይህ ከ1820ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የተስፋፋ ዘዴ ነው። መግፊያውን የሚስበው ሠራተኛ ቢሆንም ንፊያ የለበትም። ማይክል ኦወንስ በ1903 በአሜሪካዋ ቶሊዶ ከተማ ከሠራው የጠርሙስ ማሽን ወዲህ ደግሞ ማሽን ራሱ መንፋት ጀምሯል። ስለዚህ «የተነፋ» የሚለው ቃል ብቻውን የእጅ ሥራ መሆኑን አያረጋግጥም።

ነፊው ለምርት ሲነድፍ

ነፊው ለራሱ ሲሠራ ብዙውን ውሳኔ እጁ ይወስናል። ትኩሱ ትንሽ ከበደ ብሎ ካሰበ ብርጭቆውን ትንሽ ያረዝመዋል፤ አንገቱ ቀጠን ካለ በዚያው ይተወዋል። ለምርት ሲነድፍ ግን ያ ሁሉ ውሳኔ ወረቀት ላይ መስፈር አለበት፦ ስንት ግራም ትኩስ ይጠቀለላል፣ ስንት ጊዜ ተመልሶ ይሞቃል፣ የት ላይ ይጠብባል፣ ጠርዙ ምን ያህል ይሳሳል። እሱ ራሱ የሠራት የመጀመሪያዋ ናሙና ብታምር ትርጉም የላትም። ቁም ነገሩ ሌላ ቡድን፣ በሌላ ፈረቃ፣ ደክሞትም ቢሆን እሷን ይደግማል ወይ የሚለው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ አንድ ቡድን አንድ ብርጭቆ ለመጨረስ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። በ8 ሰዓት ፈረቃ ያለ ዕረፍት 80 ይሠራል። ንድፉ እግሩ ላይ አንዲት ቀጭን ቀለበት ጨምሮ አንድ ተጨማሪ ማሞቂያና አንድ ደቂቃ ቢጠይቅ ቁጥሩ ወደ 68 ይወርዳል። ከዚህም ላይ የሚሰነጠቀውና ከልክ የወጣው ይቀነሳል። ገዢው ሳያስተውላት የሚያልፋት ቀለበት ዋጋውን ከፍ አድርጋዋለች። ጥሩ ዲዛይነር የሚለየው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ እጅ ሊሠራው የሚችለውን ሁሉ መንደፍ ሳይሆን የትኛውን እንቅስቃሴ መቀነስ እንዳለበት ማወቅ።

ለረጅም ዘመን ነዳፊውና ነፊው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ቢሮ ተቀምጦ ይስላል፣ ሌላው እቶን ፊት ቆሞ ይነፋል። በ1962 አሜሪካዊው የሸክላ ሥራ መምህር ሃርቪ ሊትልተን በቶሊዶ ሙዚየም ግቢ ባካሄደው አውደ ጥናት ይህን ለመስበር ሞክሯል። ዓላማው አንድ የጥበብ ሰው በትንሽ እቶን ብቻውን መሥራት እንደሚችል ማሳየት ነበር። የመጀመሪያው ቅልጥ አልሳካለት ሲል የብርጭቆ ኢንዱስትሪ ባለሙያው ዶሚኒክ ላቢኖ ለፋይበር ግላስ ማምረቻ የሚያገለግሉ የብርጭቆ ጠጠሮች አቅልጠው እንዲሞክሩ ነገራቸው፤ ሆነላቸው። ከፋብሪካ ለመውጣት ያመፁት ሰዎች የመጀመሪያ ትኩሳቸው የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል።

ከዚያ ትውልድ ወደ ገበታ ዕቃ ከተመለሱት አንዱ በአየርላንድ ያደገው ሳይመን ፒርስ ነው። ነፊ ሆኖ ሠልጥኖ በ1981 በአሜሪካ ቨርሞንት፣ ክዊቺ በምትባል መንደር፣ ወንዝ ዳር የቆመ የድሮ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ገዝቶ የብርጭቆ ፋብሪካ ከፈተ፤ ሕንፃው ሥር ካለው ፏፏቴም የኤሌክትሪክ ኃይል አመነጨ። ቅርጾቹ ወፍራም፣ ግልጽና ጌጥ የሌለባቸው ናቸው። ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጌጥ የሌለው ወፍራም ብርጭቆ ላይ ጥቂት የእጅ ልዩነት እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ ቡድኑም ይደግመዋል።

ሞልዱ የሚፈቅደውና የሚከለክለው

ሞልድ ገዳቢ ነው። በመጭመቅ የሚሠራ ዕቃ ውስጡ ወደ ታች መጥበብ አለበት፤ አለበለዚያ መግፊያው አይወጣም። የእኛን ብርሌ ማየት በቂ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ጠባብ ነው፤ እንዲህ ያለው ቅርጽ ከመንፋት እንጂ ከመጭመቅ አይወጣም። በሞልድ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚነፋ ዕቃ ደግሞ የግድ ክብ መሆን አለበት። የፊንላንዱ አርክቴክት አልቫር አልቶ በ1936 እንደነደፈው የአበባ ማስቀመጫ ጠርዙ የሚወዛወዝ ሲሆን ማሽከርከር አይቻልም፤ የሞልዱ ግድግዳ በቀጥታ ብርጭቆው ላይ ያርፋል። የዚህ ዕቃ ሞልድ መጀመሪያ ከእንጨት ነበር፤ በ1954 በብረት ተተካ።

የፊንላንድ ዲዛይነሮች ጎልተው የወጡት ይህን ገደብ ንድፉ ውስጥ በማስገባታቸው ነው። አይኖ አልቶ በ1932 ለሚጨመቅ ብርጭቆ ቀለበታማ መስመሮችን መረጠች፤ መስመሮቹ የብርጭቆውን ጉድለት ይሸፍናሉ። ኦይቫ ቶይካ በ1964 ለነደፈው ካስተሄልሚ፣ ማለትም «የጤዛ ጠብታ» ለተባለው ሳህን፣ የጠብታ ቀለበቶችን የደረደረው የሞልዱን ስፌት እንዲደብቁለት ነው። ጌጥ የመሰለው የምርት ችግር መፍትሔ ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ቲሞ ሳርፓኔቫ በ1964 የነደፈው ፊንላንድያ የተባለው የብርጭቆ ስብስብ ነው። ሞልዱን ከእንጨት አስጠርቦ እንዲቃጠል ተወው። ትኩሱ ብርጭቆ በገባ ቁጥር የእንጨቱ ገጽ ይከስላል፣ ይሰነጠቃል፤ የሚቀጥለው ዕቃ ያንን አዲስ ገጽ ይወርሳል። ስለዚህ ከአንድ ሞልድ የወጡ ሁለት ዕቃዎች አንድ አይሆኑም። ፋብሪካ ውስጥ፣ በተከታታይ ምርት፣ ነጠላ ዕቃ ተሠራ ማለት ነው። ታፒዮ ቪርካላ ደግሞ በ1968 ለወጣው ኡልቲማ ቱሌ ለተባለው የብርጭቆ ስብስብ በረዶ ሲቀልጥ የሚመስለውን ገጽ ግራፋይት ሞልድ ላይ በራሱ እጅ ቀረጸ። የሰው እጅ ያረፈው ብርጭቆው ላይ ሳይሆን ሞልዱ ላይ ነው፤ በ1969 የፊንላንድ አየር መንገድ ፊንኤር ወደ ኒው ዮርክ ሲበር ለመንገደኞች ያቀረበው ብርጭቆ እያንዳንዱ የዚያን እጅ አሻራ ይዞ ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ «የእጅ ሥራ» ይባል አይባል የሚለው ክርክር አዎ ወይም አይደለም በሚል መልስ የማይፈታው ለዚህ ነው።

የማይጠፋ እሳት

የብርጭቆ እቶን እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ማታ ጠፍቶ ጠዋት አይለኮስም። ከጠፋ ውስጡ ያለው ብርጭቆ ይጠጥራል፣ የማቅለጫው ሸክላ ይሰነጠቃል፤ እንደገና አሙቆ ለሥራ ማብቃትም ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ሠራተኛው ቤቱ ቢሆንም፣ ትዕዛዝ ባይኖርም ነዳጅ ይነዳል። በ2021 መጨረሻና በ2022 የጋዝ ዋጋ በአውሮፓ ሲንር የሙራኖ ነፊዎች እቶናቸውን ለማጥፋት የተገደዱት ለዚህ ነው። ሙራኖ ከ1291 ጀምሮ የቬኒስ እቶኖች የተሰባሰቡባት ደሴት ናት። ማሽንም አላመለጠም። ጠንካራ የሻይና የውኃ ብርጭቆ በማምረት የሚታወቀው የፈረንሳዩ ዱራሌክስ በ2022 መጨረሻ እቶኑን ለአምስት ወር ያህል በዝቅተኛ ሙቀት አስተኝቶት ነበር፤ በ2024 የሠራተኞቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነ።

ከዚያም በፊት ቢሆን ጉዞው ቁልቁል ነበር። የአየርላንዱ ዋተርፎርድ ትልቁን ፋብሪካውን በ2009 ዘጋ፤ የስዊድኑ ኦሬፎሽ በትውልድ መንደሩ የነበረውን በ2013፤ በፊንላንድ ከ1793 ጀምሮ የሠራው ኑታያርቪ በ2014። እቶን ሲዘጋ የሚጠፋው ሥራ ብቻ አይደለም። ትኩስ ጠቅልሎ እኩል ክብደት ማውጣት፣ ከንፈሩ መቼ እንደሚከፈት በቀለሙ መለየት በመጽሐፍ የሚተላለፍ ዕውቀት አይደለም። አንድ ፈረቃ ከተበተነ በኋላ መልሶ መሰብሰብ ይከብዳል።

ስለዚህ ለምርት የሚነድፍ ነፊ ዛሬ እቶኑንም ጭምር ይነድፋል ማለት ይቻላል። ቀጭን ብርጭቆ ትንሽ ትኩስ ይወስዳል፣ ከ500 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ቀስ እያለ በሚቀዘቅዝበት ምድጃ ውስጥም አጭር ጊዜ ይበቃዋል። ወፍራሙ ቶሎ ከቀዘቀዘ ውስጡ በውጥረት ይሞላና ከወራት በኋላ መደርደሪያ ላይ እያለ ሊሰነጠቅ ይችላል። ውፍረቱ ያልተስተካከለ ብርጭቆ ላይ የፈላ ሻይ ሲፈስበት የሚፈነዳውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ የውስጡ ገጽ ሰፋ፣ የውጩ ገና ቀዝቃዛ ነው። «የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ነገር ብዙ ጊዜ የአቀዝቃዛው ምድጃ ጉድለት ነው።

ክርክሩ

አንደኛው ወገን ሞልድ የገባበት ሥራ የእጅ ሥራ መባል የለበትም ይላል። ቅርጹን የወሰነው ብረት ነው፣ ነፊው ማሽኑን የሚተካ ሳንባ ሆኗል፤ ስሙ የሚጻፈውም የነዳፊው እንጂ የነፊው አይደለም ሲል ይከራከራል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከባድ ነው። ካይ ፍራንክ፣ ራሱ የፊንላንድ ገበታ ዕቃ ትልቅ ዲዛይነር ሆኖ፣ በ1960ዎቹ የዲዛይነር ስም እንደ ኮከብ መግነኑን በአደባባይ ተችቷል። አንድ የወይን ብርጭቆ በአራት ሰው እጅ አልፎ የአንድ ሰው ስም ብቻ ይዞ ሲወጣ ትችቱ ትክክል ነበር ያሰኛል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሞልድ የሌለበት ንፊያ ነፊውን አያኖረውም ይላል። ነጠላ ዕቃ ሸጦ የሚኖር ጥቂት ነው፤ ሙያው ለተተኪ የሚተርፈው ቋሚ ደመወዝ የሚከፍል ምርት ሲኖር ነው። ዩኔስኮ ዕውቀቱን መዝገብ ላይ ቢያሰፍረውም እቶኑን የሚያሞቀው ትዕዛዝ ነው።

ከሁለቱ ውጭ የሆነ ሦስተኛ ሐሳብም አለ፤ እጅ ሁልጊዜ ከማሽን ይበልጣል ያለው ማነው? የኦስትሪያው ሪደል በ1973 ሶሜሊየርስ የተባለውን በአፍ የሚነፋ የወይን ብርጭቆ አወጣ፤ ከዚያ በ1986 ቪነም በሚል ስም የማሽን ስሪት የሆነ ተከታታይ ብርጭቆ ገበያ ላይ አዋለ። ለጠጪው ወሳኙ የሆዱ ስፋትና የከንፈሩ ጠባብነት ነው፤ ያን ደግሞ ማሽንም መከተል ይችላል። ዛሬ ማሽን የሚስበው እግር ከእጁ ለመለየት ያስቸግራል።

የእኔ ግምት እንዲህ ነው። የእጅ መጠን የጥራት መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ ግን የዋጋ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ገዢው ሊያውቀው ይገባል። በእጅና በፋብሪካ መካከል አንድ መስመር ከመፈለግ ይልቅ ዘዴውን መናገር ይሻላል፦ በነፃ የተነፋ፣ በሞልድ ውስጥ በአፍ የተነፋ፣ በእጅ የተጨመቀ፣ በማሽን የተነፋ። አራት ቃል ብዙ አይደለም። ክሪስታል ላይ ይህ ተሞክሮ ሠርቷል፤ የአውሮፓ ሕግ ከ1969 ጀምሮ «ሊድ ክሪስታል» ለመባል 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ መኖር እንዳለበት ደንግጓል፣ ሻጩም እንደ ልቡ አይጠራውም።

ከጠርሙስ ስብርባሪ የሚነሣ ንድፍ

ለአፍሪካ የሚቀርበው ምሳሌ ከሙራኖ ይልቅ የኢስዋቲኒው ንግዌንያ ግላስ ነው። በ1979 በስዊድን እርዳታ ተቋቋመ፣ ቆይቶ ተዘጋ፣ በ1987 በግል ባለቤቶች እንደገና ተከፈተ። ጥሬ ዕቃው የተጣለ ጠርሙስ ነው። አሸዋና ሶዳ ከውጭ ማስመጣት ቀረ፤ ስብርባሪ ደግሞ ከጥሬ ድብልቅ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል።

ነገር ግን የጠርሙስ ብርጭቆ ለማሽን ፍጥነት የተቀመመ ነው፤ ቶሎ ይጠጥራል። ነፊው ረዘም ላለ ጊዜ እያለሰለሰ ሊጫወትበት አይችልም። ስለዚህ በዚህ ጥሬ ዕቃ የሚነደፍ የገበታ ዕቃ አጭር፣ ወፈር ያለና ቀላል ቅርጽ ይኖረዋል፤ ረጅም ቀጭን እግር ያለው የወይን ብርጭቆ ከዚህ መጠበቅ አያዋጣም። አዲስ አበባም ውስጥ የጠርሙስ ክምር እጥረት የለም። የሚያስቸግረው ሌት ተቀን የማይቋረጥ ኃይል ነው፤ እቶን ለመብራት መጥፋት ትዕግሥት የለውም። እንዲህ ያለ ሥራ ሊጀምር የሚያስብ ከንድፍ በፊት የሚነደውን ነገር ማስላት ይኖርበታል።

አዲሱ የአውሮፓ ደንብ የሚለውጠውና የማይለውጠው

የጂኦግራፊያዊ ምልክቱ የሚጠብቀው ቦታን ነው። ስሙ ከተመዘገበ በኋላ «ሙራኖ» የሚል ስም ተለጥፎበት ከሌላ አገር የመጣ ርካሽ ዕቃ በአውሮፓ ገበያ ላይ ሊከሰስ ይችላል፤ ለደሴቲቱ ነፊዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ለምዝገባ የሚቀርበው ሰነድ የአሠራሩን ዘዴ መግለጽ ስላለበትም አንዳንድ አካባቢዎች በነፃ የተነፋውንና በሞልድ የተነፋውን በሕግ ደረጃ ለመለየት ይገደዱ ይሆናል። ያኔ በየአውራጃው የሚነሣው ክርክር ቀላል አይሆንም። ትልቁ አምራች ሰፊ ትርጉም ይፈልጋል፣ ብቻውን የሚሠራው ነፊ ጠባብ።

የአካባቢ ዝና የሌለው ዕቃ ግን ከዚህ ውጭ ይቀራል። ቨርሞንት፣ ንግዌንያ ወይም ስሙ ያልታወቀ ፋብሪካ ውስጥ የተነፋ ብርጭቆ ላይ «በእጅ የተሠራ» ተብሎ ሲጻፍ በዚህ ደንብ የሚጠይቀው የለም። ገዢው እስከዚያው ያለው ማስረጃ ዕቃው ራሱ ነው፦ ታቹ ላይ የፖንቲል ምልክት አለው ወይ፣ ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ስፌት ይታያል ወይ፣ ከንፈሩ በእሳት የከበበ ነው ወይስ ተቆርጦ የተሞረደ። ስፌት ያለው ክብ ብርጭቆ በሞልድ ውስጥ አልተሽከረከረም፤ ተጨምቋል፣ ወይም ሳይሽከረከር ተነፍቷል። ስፌት የሌለው ግን ነፃ ንፊያ ነው ማለት አይደለም፤ ያኔ ሻጩን ስለ ሞልዱ መጠየቅ ነው።